ቶይባ በማን ስም ትጠራ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2017

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የሕግ ክፍላችን ቢሮ በሙቀት ነደደ። ለፊርማ የመጣልኝን ረቂቅ ሳልፈርም መለስኩት። ጸሐፊው የሕግ አንቀጽ ጠቅሷል። ከፍቼ ባየው አንቀጹ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ከፍተው አያዩም... አንዱ የጻፈውን ሌላው ይገለብጣል፣ ያንንም "አሠራር" ይሉታል።

አመሻሹ ላይ ቶይባ መጣች፣ የእህቴ የነዕማ ልጅ። ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ሌላ ጊዜ የሂሳብ ጥያቄ ይዛ ነው የምትመጣው። ዛሬ ደብተር አልያዘችም።

"ኻሊ" አለችኝ። በእኛ በበርታዎች ዘንድ የእናት ወንድም እንዲያ ነው የሚጠራው። "ለፈተና ምዝገባ የቀበሌ መታወቂያ አምጡ ተብለናል። የእኔ ብቻ ነው የቀረው።"

"ነገ ከእናትሽ ጋር ሂዱ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።"

ጤና ማጥናት ትፈልጋለች። ይሆንላታል። ሳታረጋግጥ መልስ አትጽፍም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አልሰጧትም።

ነዕማ ከገበያ በቀጥታ መጣች። ስትመዝን የዋለችው ከርከዴ፣ ያ ቀይ የሻይ አበባ፣ ጣቶቿን አቅልቷቸዋል።

"የአባቷን መታወቂያ አምጪ አሉኝ። የራሴን አሳየሁ። ያንቺ አይሆንም አሉ።"

"ምክንያቱን ነገሩሽ?"

"ልጅሽ ሱዳናዊት ናት አሉ።"

ሱዳናዊት... ነዕማ ያገባችው ድንበር ማዶ፣ ደማዚን ነው። ባሏ ሙዐዊያ ሱዳናዊ ነበር፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ቶይባ እዚያ ተወለደች። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት እዚያ ጦርነት ሲነሳ ነዕማ ልጇን አዝላ በኩርሙክ በኩል ገባች። ሙዐዊያ ከብቶቹን ላምጣ ብሎ ተመለሰ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ልጅቷ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማረችው እዚሁ አሶሳ ነው። ደማዚንን በካርታ ላይ ነው የምታውቀው።

የአንድ ሰነፍ ሠራተኛ ስህተት ነው። ራሴ እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ሄድኩ። ሠራተኛው በቃሉ ነው፣ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሰዎች ልጅ፣ እዚሁ የተወለደ። አምና ለቀበሌ ሠራተኞች የዜግነት ሕግ ስልጠና ስሰጥ ፊት ወንበር ላይ ነበር። አበሉንም ቀድሞ የፈረመ እሱ ነው።

"ጋሽ ዐወድ፣ አብሽር፣ ቁጭ በል።"

"ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ስድስት ምን ይላል?"

ሳቀ። "ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። አንተው አይደለህ ያስተማርከን?"

"የትም ቢወለድ?"

"የትም ቢወለድ።"

"እናትስ ወላጅ አይደለችም?"

"ናት እንጂ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ... አሠራሩ ነዋ። የልደት ማስረጃ ለሌለው ሰው ሦስት የአካባቢ ሽማግሌ ቀርቦ፣ የእገሌ ልጅ ነው፣ አባቱን እናውቃለን ብሎ ይመሰክራል። የዚህችን አባት ማን ያውቃል? ሱዳን ነው ያለው። ካምፕ ወስዳችሁ በስደተኝነት ብታስመዘግቧትስ? እዚያም ወረቀት አለ፣ ራሽንም አለ።"

እናትየው ዜጋ፣ ልጅየዋ ስደተኛ። አንድ ጣሪያ ስር፣ ከአንድ ሳህን እየበሉ።

ቀዝቀዝ ብዬ የወንድሜን የዓብዱልላጢፍን ልጅ አነሳሁበት። ኡመርን። እሱም ደማዚን፣ እዚያው ሆስፒታል ነው የተወለደው። እናቱ ሐዋ እስከ ዛሬ ሱዳናዊት ናት። አምና መታወቂያውን ያወጣለት ይኸው በቃሉ ነው፣ በአንድ ጠዋት።

"የእሱማ አባቱ የእኛ ሰው ነው" አለ በቃሉ። የእሳትን ማቃጠል እንደሚያስረዳ ሰው... ተገርሞብኝ።

ከዚያ ሌላ ጉድ አወጣ። የቶይባ የትምህርት ማስረጃ "ቶይባ ዓብዱልላጢፍ" ነው የሚለው። አንደኛ ክፍል ስትገባ በእጇ ይዞ የወሰዳት ዓብዱልላጢፍ ስለነበር መዝጋቢው አባቷ መስሎት የእሱን ስም ጽፏል፣ ማንም አላረመም። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ።

"እንዲያውም ቀሏል" አለኝ። "ወንድምህ አባቷ ነኝ ብሎ ይምጣ፣ ነገ እሰጣታለሁ።"

"ያ ሐሰት ነው።"

"ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው፣ ጋሽ ዐወድ።"

ሁሉም... ስለዚህ ነው እዚህ አገር በሕግ መብት ያላት ሴት የማትታየው። መብቷን በወንድሟ ስም ስር ትቀብረዋለች።

እሑድ፣ የካቲት 16

እውነቱን የሚናገሩ ሦስት ሽማግሌ አምጣ ተብዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩ። ከመስጊዱ ጀርባ ማንጎው ስር ነበሩ። ሼህ ኸሊፋ መሐል ላይ። በቃሉንም ራሱ ይስማ ብዬ ይዤው ሄድኩ። ሼሁ እንግዳውን አክብረው ሴቱንም በወንድ በሚጠራ አማርኛቸው ተናገሩ።

"ነዕማ እናውቃለን። የነዕማ አባትም እናውቃለን። እናቱም ጭምር። ቶይባ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ቁርኣንም አንብቧል።"

"እንግዲያው ይህንኑ መስክሩ።"

"ልጅ ግን የአባቱ ነው።"

አጠገባቸው ያለው ወፍራሙ ሽማግሌ ዱላውን መሬት ላይ መታ አደረገ። "ማሽላ በሰው እርሻ ላይ የዘራህ እንደሆን፣ እህሉ የማን ነው? የዘሪው!"

"ያረመው ማነው? ወፍ የጠበቀው ማነው?" አልኩ።

"ዐወድ፣ አንተ እኮ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የወጣኸው በሴቶች በር ነው" አለኝ ያው ወፍራሙ።

ሳቁ። በቃሉም ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም... ቀልዱን እንጂ ሰዎቹን አልጠላቸውም። ግን ከቀልዱ በኋላ ከቦታው የተነቃነቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሼህ ኸሊፋ ሲሸኙኝ ትከሻዬን ያዙ፣ በቤታችን ቋንቋ "አትቆጣ። የማናውቀውን አባት እናውቃለን ማለት አንችልም" አሉ።

"አባቷን እወቁ ያላችሁ የለም። እናቲቱን እወቁ ነው ያልኳችሁ።"

"እሱንስ ማን ይጠይቀናል?"

እውነታቸውን ነው። በቃሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አባትን ብቻ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ለበላይ አካል አቤቱታ ጻፍኩ። ሕገ መንግሥቱ፣ የዜግነት አዋጁ፣ የኡመር ጉዳይ በንጽጽር። ሁለት ገጽ። አንድ ትርፍ ቃል የለውም።

ሰኞ፣ የካቲት 24

የረመዳን ጾም ሦስተኛ ቀን። ማፍጠሪያ ዓብዱልላጢፍ ቤት ነበርን። ታላቄ ነው፣ ሰሊጥ ይነግዳል፣ እጁም ቤቱም ሰፊ ነው። ቴምሩን ሳይውጥ ጀመረ።

"ስማኝ። በእኔ ስም ትመዝገብ። ምን ይጎድለኛል? ስድስት ልጅ አለኝ፣ ሰባት ትሁን።"

"አንተ አባቷ አይደለህም።"

"ማን አሳደጋት?"

"እናቷ።"

"በማን ቤት?"

የያዝኩትን ቴምር ሳህኑ ላይ መለስኩ። ሚስቱ ሐዋ በሳቅ ገባች። "እኔስ እናቷ ልሆን ነው? ሳላምጥ? ይኸው፣ ከሰባቱ አንዷን በነጻ አገኘሁ።" ቶይባ አፏን ይዛ ሳቀች። ነዕማ አልሳቀችም፣ ሾርባውን ታማስል ነበር።

ሳልጨርስ ተነሳሁ። ብኸይታ፣ ባለቤቴ፣ መንገድ ላይ "የወንድምህን ማዕድ ረግጠህ ወጣህ" አለችኝ።

"ማዕዱን አይደለም የረገጥኩት።"

"ለእሱ አንድ ነው።"

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

መልስ መጣ። አንቀጹን በትክክል ጠቅሷል። "...እናትዋ ኢትዮጵያዊት በመሆንዋ መብትዋ የተጠበቀ ሆኖ፣ ተገቢው ማስረጃ ሲቀርብ ቀበሌው እንዲያስተናግዳት..."

ሮጬ ወሰድኩት። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጾሜን፣ በዚያ ፀሐይ።

በቃሉ ሁለቴ አነበበው። "ተገቢው ማስረጃ ይላል።"

"አዎ። የእናትዋ መታወቂያ።"

"እሱ አለ። ግን በስደተኛነት አለመመዝገቧንም ማወቅ አለብኝ። ከካምፑ ወረቀት አምጣ።"

ካምፑ ሄድኩ። የሚሠራው ሂርጳ የሚባል የባምባሲ ልጅ ነው፣ ትሑት። ስሟን ፈለገ፣ የነዕማንም ፈለገ። የሉም።

"እንግዲያው የለችም ብለህ ጻፍልኝ።"

ራሱን አከከ። "ኦቦ ዐወድ፣ እኔ መጻፍ የሚፈቀድልኝ ለተመዘገበ ሰው ነው። ላልተመዘገበ ሰው ደብዳቤ የምሰጥበት መንገድ የለኝም።"

"ስለዚህ ስደተኛ አለመሆኗን የሚያስመሰክር ወረቀት የሚያገኘው ስደተኛ ብቻ ነው።"

"እንደሱ ሲሉት... አዎ።"

አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። ውሃ ሊያቀርብልኝ ሲል ጾመኛ መሆኔን አስታወሰና ይቅርታ ጠየቀኝ። ሲሸኘኝም ደጋግሞ ይቅርታ አለ። ማንም ክፉ አይደለም። የሚያበግነኝ ይኸው ነው... የምጣላው ሰው አጣሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ነዕማ መጣች። አልተቀመጠችም።

"የምዝገባው ቀን ሊያበቃ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ይዘጋል።"

"ሌላ አቤቱታ አስገብቻለሁ።"

"መልሱ መቼ ይመጣል?"

"አላውቅም። ግን አሁን በዓብዱልላጢፍ ስም ከሸሸን ለሁሉም..."

"ለሁሉም ምን?"

"ለሁሉም ሴት በሩ ይዘጋል።"

"እኔ ሁሉም ሴት አይደለሁም። ነዕማ ነኝ።" ድምፅዋ አልጨመረም። "ዐወድ፣ የምትጣላው አንተና በቃሉ ናችሁ። የምትወድቀው ግን ልጄ ናት።"

"ከወረቀቱ ላይ አንቺ ትሰረዣለሽ። ገብቶሻል? እናቷ ሐዋ ትባላለች።"

"ገብቶኛል። እኔ ነኝ ያማጥኩት፣ እኔ ካወቅሁት ይበቃል።"

ቶይባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷን ጠየቅኋት። ምን እንድትለኝ ነበር የጠበቅሁት? ከጎኔ እንድትቆም? በአስራ ስምንት ዓመቷ?

"ኻሊ፣ አንተ ትክክል ነህ" አለች። ከዚያ ወለሉን አየች። "እኔ ግን ፈተናውን ነው የምፈልገው።"

እሑድ፣ መጋቢት 14

ዓብዱልላጢፍ ሦስቱን ሽማግሌዎች ሰበሰበ። ወፍራሙ እሺ አለ፣ ሌላውም እሺ አለ። ሼህ ኸሊፋ እምቢ አሉ።

"ልጆችን በአባቶቻቸው ስም ጥሯቸው ተብለናል። የሙዐዊያን ልጅ የዓብዱልላጢፍ ናት አልልም። ያውም በረመዳን? ከሐሰት ቃል ያልጾመ፣ ከእህል ቢጾም ምን ይረባዋል?"

ወንድሜ ለመናቸው። ዘመድ ላከባቸው። ወይ ፍንክች።

እንዴት ያለ ነገር ነው። በመላው ከተማ ከእኔ ጋር አንድ ቃል የተናገሩት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ሐሰት አይባልም ያሉት። ግን እውነቱንም አይመሰክሩም። በሁለቱም በኩል ዘጉት። አከበርኳቸውም፣ ጠላኋቸውም።

ሁለት ምስክር አለ። ሦስተኛ የለም። በቃሉ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ አልቀበልም ብሏል፣ "የሰፈሩ ሰው ሼሁ እምቢ ማለታቸውን ሰምቷል፣ ነገ እኔን ይጠይቁኛል፣ ከቤተሰቡ የተከበረ ሰው ካልመጣ..."

ዓብዱልላጢፍ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ለሁለተኛው አቤቱታ መልስ የለም። ራሴ ሄጄ ጠየቅኩ። "ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው።"

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

መሰከርኩ።

በቃሉ ጠየቀ። "ቶይባ የዓብዱልላጢፍ ልጅ መሆኗን ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"እናቷስ?"

"ሐዋ።"

"ዜግነቷ?"

"ሱዳናዊት።"

ብዕሩ አልቆመም። ቅንድቡ እንኳ አልተነሳም። እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት ስል ወር ሙሉ ያንገላታን ሰው፣ እናቷ ሱዳናዊት ናት ስለው ወዲያው ጻፈ። አባትየው የእኛ ከሆነ እናት ማንም ትሁን... የማትጠየቅ ናት። አፍ የላት፣ አገር የላት።

ነዕማ ውጪ፣ ግንቡ ጥላ ስር ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። እንድትገባ አልተፈለገችም። ምን ብላ ትግባ?

"አየህ ጋሽ ዐወድ" አለ በቃሉ ማኅተሙን እየመታ። "እንዲህ ቀላል ነበር።"

ከፊርማዬ በላይ "የአባት ወንድም" ብሎ ጻፈ። ሐሰቱ ራሴን ሳይቀር ቀየረኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ረቂቅ ሳርም ኖሬ...

ማፍጠሪያ ሰዓት ደርሶ ብኸይታ ውሃ ሰጠችኝ። ጠጣሁት።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ዒድ። ቶይባ ተመዝግባለች። ነዕማ አዲስ ልብስ ገዛችላት። ሁሉም ደስ ብሎታል። ከሶላት ስንወጣ ሼህ ኸሊፋ እንደማንኛውም ሰው ሰላም አሉኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ስልጠና ስጥ ተባልኩ። ርዕስ፦ ዜግነትና የሴቶች እኩልነት። መቅረት እችል ነበር? እችል ነበር። አልቀረሁም።

አንቀጽ ስድስትን አነበብኩ። በቃሉ ፊት ወንበር ላይ ማስታወሻ ይይዛል። ያው ጎበዝ ተማሪ።

ከባምባሲ የመጣች ብርሃነሽ የምትባል ሠራተኛ እጇን አወጣች። "መምህር፣ እኛ ዘንድ ከሱዳን የተመለሱ ሴቶች አሉ። ልጆቻቸውን ሁሉ በአጎታቸው ስም ነው የሚያስመዘግቡት። እውነቱን እንዲናገሩ ምን እንበላቸው?"

በቃሉ ቀና ብሎ አየኝ። ክፋት አልነበረበትም፣ መልሴን ለመጻፍ ነው።

"ሕጉ ግልጽ ነው" አልኩ።

"ሕጉንማ አነበቡልን። እኔ የጠየቅሁት..."

"ለሻይ እንውጣ" አልኩ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

የሁለተኛው አቤቱታ መልስ መጣ። እናቲቱን የሚያውቁ ምስክሮች ብቻ ቀርበው እንዲሰጣት ያዛል። ፈራሚው ከስብሰባ ተመልሰው ነበር ማለት ነው።

አሁን ባቀርበው መጀመሪያ የሚከሰሰው ሐሰተኛ ምስክር ነው። ማለትም እኔ። ከዚያ የቶይባ መታወቂያ ይሰረዛል፣ ከዚያ ፈተናው።

ለነዕማ አልነገርኳትም።

እሑድ፣ ግንቦት 24

በዓብዱልላጢፍ ቤት ሁሉንም ሰበሰብኩ። የፈተና ሰሞን ሰነድ ይጣራል ይባላል። አንዱ አንድ ነገር ሌላው ሌላ ነገር ቢናገር ልጅቷ አለቀላት። ውሸት ከሆነ አይቀር አንድ ዓይነት ይሁን።

አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ሐዋ እየሳቀች ነው የምትመልሰው፣ ገሠጽኳት። ኡመር "እህቴ ናት" ለማለት አልከበደውም፣ ድሮም እንዲያ ነው የሚላት። ቶይባ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርኳት።

ያስቸገረችኝ ነዕማ ናት።

"ምኗ ነሽ?"

"እና..."

"እንደገና። ምኗ ነሽ?"

"አክስቷ።"

"ቶሎ በይ። የሚያስብ ሰው ያስጠረጥራል። ምኗ ነሽ?"

"አክስቷ ነኝ።"

"አባቷ የት ነው?"

ዓብዱልላጢፍ "በቃ፣ ተዋት" አለ። አልተውኳትም። እስኪስተካከል ድረስ አስደገምኳት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበርና ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ተፈታኞቹ ዛሬ ወደ ፈተናው ግቢ ተጓዙ። አውቶቡሶቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰልፈዋል። ጭቃ፣ ፍራሽ፣ ስንቅ፣ የሚያለቅሱ እናቶች። ዓብዱልላጢፍ ሰሊጥ ሊያይ ኩርሙክ ሄዷል፣ ሐዋን ወባ ጥሏታል። እኔና ነዕማ ሸኘናት።

ልጆቹን የሚያሳፍረው መምህር ወጣት ነው፣ አላውቀውም። ተማሪ ሲጠራ ቤተሰብ አብሮ ቀርቦ ስልኩን ያስመዘግባል።

"ቶይባ ዓብዱልላጢፍ።"

ቶይባ ቀረበች። ነዕማ የልጇን ብርድ ልብስ ተሸክማ ከኋላዋ ቀረበች።

"እናቷ ነሽ?" አላት። በደግነት ነው የጠየቀው። ፊታቸው አንድ ነው፣ ማንም ያያል።

እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው ነበርኩ። ቶይባ ወደ እናቷ አልዞረችም።

"አክስቷ ነኝ" አለች ነዕማ። "አባቷ ኩርሙክ ነው። እናቷ ታማ ቤት ናት።"

"ያገር ሰው ናት እናቷ?"

"አይደለችም። ሱዳናዊት ናት።"

"እሺ፣ አክስት ይበቃል" አለና ስልኳን ጻፈ።

አልቸኮለችም፣ አልዘገየችም። አንድ ቃል አልሳተችም።